ግራፊክስ ካርድ በተገጠመበት የግል ኮምፒውተር ላይ ብዙ ሥራ ጎን ለጎን የማስኬድ የአሠራር መመሪያ

ባሕር ዳር ውስጥ የጣናን ውኃ፣ የእምቦጭን መስፋፋት ወይም የዓባይን ተፋሰስ የሚያጠኑ ብዙ ሰዎች ያላቸው አንድ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ብቻ ነው። በዚያው ኮምፒውተር የሳተላይት ምስል ያሰላሉ፣ ሪፖርት ይጽፋሉ፣ ኢሜይል ይልካሉ፤ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ያው አንድ ኮምፒውተር የሁለትና የሦስት ሰው ነው። ግራፊክስ ካርድ ሲገጠምለት ሁሉም ነገር እንደሚፈጥን ተስፋ ይደረጋል። ስሌቱ በእርግጥ ይፈጥናል፤ ነገር ግን ሥራው በተጀመረ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የማውዙ ቀስት ይንቀረፈፋል፣ የሚተየበው ፊደል ዘግይቶ ይወጣል፣ ወደ ፍላሽ ፋይል መገልበጥም ከወትሮው እጥፍ ጊዜ ይፈጃል። ይህ መመሪያ እንዲህ ያለው ኮምፒውተር ሌሊቱን ሙሉ እንዲያሰላ፣ ቀን ደግሞ ስሌቱ ሳይቋረጥ ለጽሕፈት ሥራ እንዲመች አድርጎ እንዴት ማደላደል እንደሚቻል ያስረዳል።

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት፣ ካርዱ ራሱን የቻለ ኮምፒውተር አለመሆኑ ነው። ፋይል ከዲስክ አንብቦ የሚያቀብለው፣ ምን እንደሚሠራ የሚነግረው፣ ውጤቱን ተቀብሎ የሚያስቀምጥለት አስተናጋጁ ኮምፒውተር ነው። «ካርዱ ቀርፋፋ ነው» እየተባለ ሲቀርብልኝ ከቆየው ቅሬታ አብዛኛው፣ ጉዳዩ ሲመረመር የአስተናጋጁ ችግር ሆኖ ተገኝቷል፤ ወይ አስተናጋጁ ሥራ በዝቶበት ለካርዱ ማቀበል አቅቶታል፣ ወይ ያለውን ሁሉ ለስሌቱ ሰጥቶ ለተቀመጠው ሰው የሚተርፍ አቅም አጥቷል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚከፋፈለው የአስተናጋጁ አቅም ነው፤ የካርዱ ተራ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። ኢንሞስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ1980ዎቹ ትራንስፒውተር የሚባሉ፣ እርስ በርሳቸው ተያይዘው ጎን ለጎን የሚሠሩ ፕሮሰሰሮችን ያመርት ነበር፤ ቲ414 እ.ኤ.አ. በ1985፣ ቲ800 ደግሞ በ1987 ወጡ። እነዚህን የያዙ ቦርዶች በአይቢኤም ፒሲ ውስጥ ይሰካሉ። ቦርዱ የራሱ ኪቦርድ፣ ስክሪንና ዲስክ ስለሌለው በፒሲው ላይ አንድ አገልጋይ ፕሮግራም እየሠራ እነዚህን ሁሉ ያቀርብለት ነበር። ኤምኤስ ዶስ በአንድ ጊዜ አንድ ፕሮግራም ብቻ የሚያስኬድ በመሆኑም ቦርዱ ሥራውን እስኪጨርስ ፒሲው ለሌላ ነገር አይውልም ነበር። ዛሬ ሊኑክስም ዊንዶውስም ብዙ ፕሮግራም አብረው ያስኬዳሉ፤ ካርዱ በአስተናጋጁ ላይ ያለው ጥገኝነት ግን እንደዚያው ነው።

በምሳሌነት የምጠቀመው ኮምፒውተር ባለ 6 ኮር (ራሱን ችሎ የሚያሰላ የፕሮሰሰሩ ክፍል) ፕሮሰሰር፣ 32 ጊጋባይት ራምና ባለ 12 ጊጋባይት የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 3060 ካርድ ያለው፣ ኡቡንቱ ሊኑክስ የተጫነበት ነው። የትእዛዞቹን ስም እንደሚነበቡ በእኛ ፊደል ጽፌአለሁ፤ ተርሚናል ላይ የሚተየቡት በላቲን ፊደል ነው።

አንደኛ፦ ያለዎትን ይቁጠሩ

ተርሚናል ከፍተው «ኤልኤስሲፒዩ» የሚለውን ትእዛዝ ይስጡ። ከሚወጣው ዝርዝር ውስጥ የኮሮቹን ብዛትና የትሬዶቹን (ኮሮቹ በአንድ ጊዜ የሚቀበሏቸውን የሥራ መስመሮች) ብዛት ለይተው ወረቀት ላይ ይጻፉ። ባለ 6 ኮር ፕሮሰሰር 12 ትሬድ ሊያሳይ ይችላል፤ ይህ ማለት ግን 12 ሠራተኛ አለ ማለት አይደለም፤ ሁለት ሁለት ትሬድ አንድ ኮር ይጋራሉ፣ ሁለቱም ከባድ ስሌት ሲይዙ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል። በመቀጠል «ፍሪ» በሚለው ትእዛዝ ምንም ሥራ ሳይጀመር ምን ያህል ራም ነፃ እንደሆነ፣ «ኤንቪዲያ ኤስኤምአይ» በሚለው ደግሞ የካርዱን ማህደረ ትውስታ፣ ሙቀትና የሚወስደውን ዋት ይመዝግቡ። እነዚህ ቁጥሮች በኋላ ማነጻጸሪያ ይሆናሉ።

ከዚያ ኮምፒውተሩን አጥፍተው፣ ገመዱን ነቅለው ጎኑን ይክፈቱ። ካርዱ የተሰካው ለፕሮሰሰሩ በሚቀርበው ረጅም ስሎት ላይ መሆኑን ያረጋግጡ። በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ሁለተኛው ረጅም ስሎት መልኩ አንድ ዓይነት ቢሆንም የተዘረጋለት መስመር 4 ብቻ ነው፤ እሱም ሌሎቹን መሣሪያዎች ከፕሮሰሰሩ ጋር በሚያገናኘው ቺፕሴት በኩል ስለሚያልፍ ከዩኤስቢውና ከዲስኩ ጋር መንገድ ይጋራል። ፍላሽ ላይ ፋይል ሲገለበጥ ስሌቱ የሚዘገይበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሦስተኛው ትውልድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ (ካርዱ የሚሰካበት ስሎት ዓይነት) በ16 መስመር በአንድ አቅጣጫ በሰከንድ ወደ 16 ጊጋባይት ያሳልፋል፤ በ4 መስመር ወደ 4 ጊጋባይት ይወርዳል። ካርዱ ግን በራሱ ማህደረ ትውስታ ውስጥ በሰከንድ 360 ጊጋባይት ያንቀሳቅሳል። ከዚህ ልዩነት የሚከተለው የሥራ ደንብ ግልጽ ነው፦ መረጃው አንድ ጊዜ ይግባ፣ የሚሠራበት ሁሉ እዚያው ካርዱ ላይ ይሠራበት፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ይውጣ።

ኮምፒውተሩ እንደተከፈተ የኃይል ገመዱንም ይመልከቱ። አርቲኤክስ 3060 እስከ 170 ዋት ይወስዳል፤ ስሎቱ የሚሰጠው ግን 75 ዋት ብቻ ስለሆነ የቀረው ከፓወር ሰፕላዩ በሚመጣው ባለ 8 ፒን ገመድ ይገባል። ገመዱ በቀጥታ ከፓወር ሰፕላዩ የወጣ ይሁን እንጂ ከዲስክ ገመድ ላይ የተቀጠለ አይሁን።

ሁለተኛ፦ ስክሪኑን ከስሌቱ ይለዩ

ካርዱ በአንድ ጊዜ ስክሪንም የሚስል፣ ስሌትም የሚያሰላ ከሆነ ሁለቱ ተራ ይጠባበቃሉ። አንድ ረጅም ስሌት ካርዱን ለግማሽ ሰከንድ ከያዘ የማውዙ ቀስት ለግማሽ ሰከንድ ይቆማል። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይከፋል፤ ስክሪን የያዘ ካርድ ከ2 ሰከንድ በላይ ምላሽ ካልሰጠ ሲስተሙ የተበላሸ መስሎት ካርዱን እንደገና ያስነሳዋል፣ ስሌቱም በዚያው ይቋረጣል።

መፍትሔው ብዙ ጊዜ ምንም ወጪ የለውም። ፕሮሰሰሩ በውስጡ የራሱ ግራፊክስ ካለው የስክሪኑን ገመድ ከካርዱ ነቅለው ማዘርቦርዱ ላይ ባለው መሰኪያ ይሰኩት። አንዳንድ ማዘርቦርዶች ካርድ ሲገጠምላቸው የውስጡን ግራፊክስ ስለሚያጠፉት ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ገብተው ሁልጊዜ ክፍት እንዲሆን ያድርጉት። ሲስተሙ ሲነሳ «ኤንቪዲያ ኤስኤምአይ» ላይ የዴስክቶፑ ፕሮግራሞች ከካርዱ ዝርዝር መውጣታቸውን፣ የተያዘው ማህደረ ትውስታም መቀነሱን ያያሉ። ብሮውዘርና ዴስክቶፕ አብረው ሲሠሩ የሚይዙት በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ለስሌቱ ይመለሳል።

ፕሮሰሰሩ የውስጥ ግራፊክስ ከሌለው ሁለት አማራጭ አለ። የመጀመሪያው በአንድ ጊዜ ለካርዱ የሚሰጠውን ሥራ ማሳነስ ነው፤ አንዱ ትልቅ ስሌት በአጫጭር ስሌቶች ሲከፋፈል በመካከላቸው ስክሪኑ ተራ ያገኛል። ሁለተኛውና እኔ የምመርጠው፣ ባለ ካርዱን ኮምፒውተር ያለ ዴስክቶፕ አስነስቶ ከዚያው ራውተር ጋር ከተገናኘ ተራ ላፕቶፕ በኤስኤስኤች፣ ማለትም በኔትወርክ በኩል በሚከፈት ተርሚናል፣ መግባት ነው። በዚህ ጊዜ ሥራውን «ቲሙክስ» በሚባለው ፕሮግራም ውስጥ ይጀምሩ፤ ዋይፋዩ ቢቋረጥ ወይም ላፕቶፑ ቢዘጋ ስሌቱ እዚያው ይቀጥላል፣ ተመልሰው ሲገቡም ካቆሙበት ያገኙታል።

ሦስተኛ፦ ኮሮቹን ያከፋፍሉ

ከ6ቱ ኮሮች አንዱን ለዴስክቶፑ፣ አንዱን ለካርዱ አቀባይ ፕሮግራም ይተዉ፤ አራቱ ምስል ለሚያነቡ፣ ለሚፈቱና ለሚያዘጋጁ ረዳት ፕሮግራሞች ይሁኑ። አራት ረዳት ካላቸው ኮምፒውተሮች ይልቅ ስድስት ወይም አሥራ ሁለት ረዳት ያስነሱት የሚፈጥኑ ይመስላል፤ ሲለካ ግን አቀባዩ ተራ ስለሚያጣ ካርዱ ሥራ ፈትቶ ይገኛል።

ኮር የሚመደበው «ታስክሴት» በሚባለው ትእዛዝ ነው። ስሌቱን ሲያስነሱ ከፊት ለፊቱ «ታስክሴት» ብለው የተፈቀዱለትን ቁጥሮች ይዘርዝሩ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በብዙ ኮምፒውተሮች ትሬድ 0 እና ትሬድ 6 የአንድ ኮር ሁለት ፊቶች ናቸው፣ በሌሎች ደግሞ 0 እና 1። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚጣመር ኤልኤስሲፒዩን በዝርዝር መልኩ ሲጠይቁት ይነግርዎታል። ለዴስክቶፑ የተዉትን ኮር ሁለቱንም ትሬዶች ካላስቀሩለት ግማሹን ሰጥተው ግማሹን ነስተውታል።

ቀጥሎ «ናይስ» በሚባለው ትእዛዝ ለረዳቶቹ የቅድሚያ ደረጃ ይስጡ። ደረጃው ከአሉታዊ 20 እስከ 19 ሲሆን ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ፕሮግራሙ ለሌሎች ይበልጥ ያስቀድማል። ለረዳቶቹ 10 ተስማሚ ነው። አቀባዩን ግን በ0 ይተዉት። አንዳንዶች ለጨዋነት ሲሉ ስሌቱን በጠቅላላ 19 ላይ ያስቀምጡታል፤ በዚህ ጊዜ ብሮውዘር ላይ አንድ ከባድ ገጽ በተከፈተ ቁጥር አቀባዩ ወደ ኋላ ይገፋል፣ 3,584 ኮር ያለው ካርድም አንድ ፕሮግራም ተራ እስኪያገኝ ባዶውን ይጠብቃል።

በዚህ ክፍል ሰው የሚያስተውለው ዘግይቶ የሆነ አንድ ነገር አለ። በፓይተን የሚሠሩ የሒሳብ ቤተ መጻሕፍት፣ ሳይጠየቁ፣ ባገኙት ትሬድ ልክ የራሳቸውን ሠራተኞች ያስነሳሉ። አራት ረዳት አስነስተው እያንዳንዱ 12 ትሬድ ቢያስነሳ 48 ትሬዶች በ12 ቦታ ላይ ይጋፋሉ። ሽምብጥ አካባቢ ባለ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ «ኤችቶፕ» የሚባለውን መመልከቻ ስከፍት 12ቱም ዘንጎች እስከ ጫፍ ቀይ ሆነው፣ የካርዱ ሙቀት ግን 45 ዲግሪ ላይ ተቀምጦ ያየሁበትን ቀን አልረሳውም፤ ካርዱ ቀዝቃዛ ከሆነ ሥራ እየደረሰው አይደለም። መፍትሔው ረዳቶቹ ከመነሳታቸው በፊት እነዚህ ቤተ መጻሕፍት ትሬድ የሚያስነሱበትን የኦፕን ኤምፒን የትሬድ ብዛት 1 ብሎ መወሰን ነው። ያን ዕለት በዚህ አንድ መስመር ብቻ ዴስክቶፑ ተላቀቀ፣ ካርዱም ሞቀ።

በተቃራኒው ደግሞ የሚያሳስት ምልክት አለ። ኩዳ የሚባለውን የኤንቪዲያ ካርድ ማስሊያ የሚጠቀም ፕሮግራም ካርዱን ሲጠብቅ ብዙ ጊዜ ተኝቶ አይጠብቅም፤ «አልቋል? አልቋል?» እያለ ያለማቋረጥ ይጠይቃል። ስለዚህ አቀባዩ የያዘው ኮር 100 ከመቶ ተይዞ ቢታይ የግድ ሥራ በዝቶበት አይደለም። ፕሮግራሙን ራስዎ የጻፉት ከሆነ ካርዱ እስኪጨርስ ተኝቶ እንዲጠብቅ ማዘዝ ይቻላል፤ ምላሹ በጥቂቱ ይዘገያል፣ አንድ ኮር ግን ይተርፋል። ባለ 4 ኮር ኮምፒውተር ላለው ሰው ይህ ልውውጥ የሚያዋጣ ነው።

አራተኛ፦ ራሙን በወረቀት ላይ ያስሉ

ራም ሲያልቅ ሊኑክስ ወደ ዲስክ መገልበጥ ይጀምራል፤ ያኔ ቅድሚያ መስጠትም ኮር ማከፋፈልም ምንም አይረዳም። ስለዚህ ስሌቱ ከመጀመሩ በፊት ቁጥሩን በእጅ ማውጣት ይገባል። አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንሥራ።

የአውሮፓ ሴንቲኔል-2 ሳተላይቶች ከሚያነሱት ምስል አንዱ ክፍል፣ አንድ ነጥብ 10 ሜትር በሚወክልባቸው ባንዶች (ለየብቻ በሚነሱ የብርሃን ዓይነቶች)፣ በእያንዳንዱ ጎን 10,980 ነጥብ አለው። 10,980 በ10,980 ሲባዛ 120,560,400 ነጥብ ይሆናል። እያንዳንዱ ነጥብ በ2 ባይት ሲቀመጥ አንድ ባንድ 241 ሜጋባይት ያህል ነው፤ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቀይና ቅርብ ኢንፍራሬድ አራቱ በአንድነት ወደ 964 ሜጋባይት ይመጣሉ። እስካሁን ትንሽ ነው። ነገር ግን ዕፅዋትን ከውኃ ለመለየት ቀዩ ከቅርብ ኢንፍራሬዱ ተቀንሶ ለሁለቱ ድምር መካፈል አለበት፤ ለማካፈል ደግሞ ቁጥሮቹ ባለ 4 ባይት የአስርዮሽ ቁጥሮች ይሆናሉ። ስለዚህ 964ቱ ወደ 1.93 ጊጋባይት ያድጋል፣ የመጀመሪያውም ከራም ሳይወጣ አብሮ ይቆያል፣ በመካከል የሚፈጠረው እያንዳንዱ ውጤት 482 ሜጋባይት ይጨምራል። አንድ ረዳት በቀላሉ 4 ጊጋባይት ይደርሳል፤ አራት ረዳት 16። ከካርዱ ጋር በፍጥነት ለመለዋወጥ የሚቆለፍ ራም ካለ ደግሞ እሱ ወደ ዲስክ ሊወጣ ስለማይችል ከጠቅላላው ላይ እንደሌለ ተቆጥሮ ይቀነሳል። ብሮውዘሩና የጽሕፈት ፕሮግራሙ ሲጨመሩ 32 ጊጋባይት መጀመሪያ እንደሚመስለው ሰፊ አይደለም።

ምስሉን በሙሉ ከመጫን ይልቅ መቆራረጥ ይሻላል። 10,980 ለ10 ሲካፈል 1,098 ስለሚሆን ምስሉ ያለ ትርፍ በ100 እኩል ቁራጮች ይከፈላል፤ የአንዱ ቁራጭ አራት ባንድ፣ በ4 ባይት ሲቀመጥ፣ 19 ሜጋባይት ብቻ ነው። ይህ ለካርዱ በጣም ትንሽ ከሆነ አራት አራቱን ወይም አሥር አሥሩን አንድ ላይ መላክ ይቻላል። የቁራጩን መጠን የሚወስነው የራሙ ስፋት ሳይሆን አንዱ ጭነት ካርዱን ሥራ ለማስያዝ መብቃቱ ነው።

ከዚህ በኋላ ለጥንቃቄ ወሰን ያስቀምጡ። «ሲስተምዲ ረን» በሚባለው ትእዛዝ ስሌቱን ሲያስነሱ ከፍተኛውን ራም 20 ጊጋባይት ብለው ይወስኑለት። ስሌቱ ወሰኑን ቢያልፍ የሚቆመው እሱ ይሆናል፤ ጽፈው ያላስቀመጡት ሪፖርት አብሮ አይጠፋም።

በነገራችን ላይ፣ በዚህ ስሌት እምቦጭን የሚፈልግ ሰው ደንገልም በዚያው አረንጓዴነት እንደሚወጣ ማስታወስ አለበት። ደንገል ከዳር ሥር ሰዶ ባለበት ይቆያል፣ እምቦጭ ግን በነፋስ እየተገፋ ቦታ ይለውጣል፤ ሁለቱን ለመለየት የተለያየ ቀን ምስሎች ጎን ለጎን ይሰላሉ፣ ይህም ከላይ ያሰብነውን ራም በቀኖቹ ብዛት ያባዛዋል።

አምስተኛ፦ ማንበብን፣ ማስላትንና መጻፍን ያደራርቡ

አንድን ቁራጭ ከዲስክ ማንበብና መፍታት 3 ሰከንድ፣ ካርዱ ላይ ማስላት 2 ሰከንድ፣ ውጤቱን መጻፍ 1 ሰከንድ ይፈጃል እንበል። አንዱ እስኪያልቅ ሌላው እየጠበቀ ከሄደ 100 ቁራጭ 600 ሰከንድ ይወስዳል፤ ካርዱም ከዚህ ውስጥ የሚሠራው 200ውን ብቻ ነው። ካርዱ 7ኛውን ሲያሰላ ረዳቱ 8ኛውን እያነበበ፣ ሌላው ደግሞ 6ኛውን እየጻፈ ከሆነ ግን ፍጥነቱን የሚወስነው ከሦስቱ ዘገምተኛው ብቻ ይሆናል፤ ጠቅላላው ወደ 303 ሰከንድ ይወርዳል። ቁጥሩን በራስዎ ሥራ ላይ ለክተው ይተኩት፤ የሚለካውም በመጀመሪያ ሦስቱን ለየብቻ በማስኬድ ነው።

በዚህ ምሳሌ ከዚያ በላይ ለማፍጠን ሌላ ካርድ መግዛት ምንም አይጠቅምም፤ ዘገምተኛው ማንበቡ ነው። ሁለት አንባቢ ረዳት ማድረግ፣ ወይም ምስሎቹን ከሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ መገልበጥ ነው የሚያስፈልገው። በአንባቢና በአቀባይ መካከል የሚጠራቀመው ወረፋ ግን ገደብ ይኑረው፤ ሦስት ወይም አራት ቁራጭ ይበቃል። ገደብ የሌለው ወረፋ አራተኛው ክፍል ላይ በጥንቃቄ ያሰሉትን ራም ቀስ በቀስ ይበላዋል።

ስድስተኛ፦ ሁለት ሰው በአንድ ካርድ

ሁለት ፕሮግራሞች ካርዱን በአንድ ጊዜ ሲጠይቁ ካርዱ በተለመደው አሠራሩ ሁለቱን አብሮ አያሰላም፤ ጥቂት ለአንዱ፣ ጥቂት ለሌላው እያለ ያፈራርቃቸዋል። ማህደረ ትውስታው ግን አይፈራረቅም፤ የሁለቱም መረጃ በአንድነት በ12 ጊጋባይቱ ውስጥ መቀመጥ አለበት፣ ካልበቃም ኋላ የመጣው ፕሮግራም ስሕተት አውጥቶ ይቆማል። በሊኑክስ ላይ ኤምፒኤስ የሚባለውን የኤንቪዲያ አገልግሎት ካስነሱ ትናንሽ ስሌቶች በእርግጥ ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ ይህ የሚጠቅመው ግን እያንዳንዱ ሥራ ብቻውን ካርዱን የማይሞላ ሲሆን ነው።

መሙላት አለመሙላቱን ለማወቅ ኤንቪዲያ ኤስኤምአይ የሚያሳየውን የአጠቃቀም መቶኛ ብቻ አይመኑ። ያ ቁጥር የሚናገረው ቢያንስ አንድ ስሌት ካርዱ ላይ የነበረበትን የጊዜ ድርሻ ነው፤ ከ3,584ቱ ኮር ጥቂቱን ብቻ የሚጠቀም ስሌትም 100 ከመቶ ሊያሳይ ይችላል። የዋቱ ቁጥር የተሻለ ይናገራል፤ 170 ዋት የሚችል ካርድ 100 ከመቶ እያሳየ 60 ዋት ብቻ ከወሰደ ገና ብዙ ቦታ አለው። እርግጠኛ ለመሆን ሥራዎቹን ለየብቻ፣ ከዚያም አብረው ያስኬዱና ሰዓቱን ይያዙ። እያንዳንዱ ብቻውን 40 ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነና አብረው 80 ደቂቃ ከፈጁ ምንም አልተተረፈም፤ እንዲያውም የመጀመሪያው ሰው ውጤቱን በ40 ደቂቃ ማግኘት ሲችል 80 ጠብቋል።

በዚህ ሁኔታ ወረፋ ይሻላል። ካርዱን በአንድ ጊዜ አንድ ፕሮግራም ብቻ በሚቀበልበት ሁኔታ ላይ ያድርጉትና ሥራዎቹን በቅደም ተከተል የሚያስነሳ አጭር ስክሪፕት ይጻፉ። ኮምፒውተሩን ለሚጋሩ ባልደረቦች እንዲታወቅም ከስክሪኑ ጎን ላይ ወረቀት ለጥፎ የማን ሥራ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሄድ መጻፍ በቂ ነው።

ሰባተኛ፦ መብራት፣ ሙቀትና በግማሽ የቀረ ፋይል

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ሲዞር ይዞ የሚወጣው ሙቀት ያነሰ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት ሲጨመርበት ካርዱ ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ የካርዱን የኃይል ጣሪያ በኤንቪዲያ ኤስኤምአይ ከ170 ወደ 130 ዋት ዝቅ ያድርጉት፤ ስሌቱ በጥቂቱ ይዘገያል፣ የሚዘገየው ግን ዋቱ በቀነሰበት መጠን አይደለም። የፋኑም ድምፅ በዚያው ክፍል ለሚጽፍ ሰው የሚታገሥ ይሆናል። ይህ ጣሪያ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ስለሚረሳ ሲስተሙ በተነሳ ቁጥር እንዲታዘዝ ያድርጉት። ለሐይቁ ቅርብ በሆነ ቤት ውስጥ ማታ መስኮት ከፍቶ መብራት ማብራት ትናንሽ በራሪ ነፍሳትን ወደ ፋኑ ስለሚጠራ የአየር መግቢያውን ማጣሪያ በየወሩ አውልቀው ያጽዱ።

ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዝ መሣሪያ) ሲገዙ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር በቪኤ መሆኑን፣ የዋቱም ቁጥር ከዚያ ያነሰ መሆኑን ይወቁ፤ የሚመለከተውም ዋቱ ነው። የዩፒኤሱ ሥራ ሌሊቱን ማሳለፍ ሳይሆን ስሌቱ ያለበትን ጽፎ እስኪያቆም ጥቂት ደቂቃ መስጠት ነው። መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዲነሳ የሚያደርግ የባዮስ ምርጫ አለ፤ እኔ ግን አልመክረውም፤ መብራት በተመለሰባቸው የመጀመሪያ ደቂቃዎች ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል፣ ተረጋግቶ ማየትና በእጅ ማስነሳት ይሻላል።

ከሁሉም በላይ ግን የውጤት ፋይሉ አጻጻፍ ይታሰብበት። አንድ የሚያዝያ ሌሊት፣ ከ100ው ቁራጭ አንዱ በመጻፍ ላይ ሳለ መብራት ጠፋ። ጠዋት ስሌቱን ካቆመበት አስቀጠልኩት፤ ፕሮግራሙም ፋይሉ መኖሩን ብቻ አይቶ የተጠናቀቀ መስሎት ዘለለው። ከቀናት በኋላ ካርታው ተገጣጥሞ ሲታተም አብራኝ የምትሠራው ወጣት ከጎርጎራ በስተደቡብ፣ ውኃው መካከል ላይ፣ ጣቷን አሳርፋ «ጋሼ፣ ይኼ ደሴት ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ደሴት አልነበረም። ግማሹ ያልተጻፈ ቁራጭ ወደ 11 ኪሎ ሜትር በሚሆን አራት ማዕዘን ውስጥ ጥቁር ሆኖ ወጥቶ ነበር። እሷ ባታየው ያ ካርታ ለሌሎች ይደርስ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ቁራጭ መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ይጻፋል፤ ተጽፎ አልቆ ዲስኩ ላይ መስፈሩ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ፣ በዚያው ዲስክ ክፍል ውስጥ፣ ወደ ትክክለኛ ስሙ ይለወጣል። ስም መለወጥ በግማሽ የሚቀር ሥራ አይደለም፤ ወይ ተለውጧል ወይ አልተለወጠም። ስለዚህ መብራት በየትኛውም ቅጽበት ቢጠፋ ትክክለኛ ስም ያለው ፋይል ሁሉ ሙሉ ነው፣ ጊዜያዊ ስም ያለው ሁሉ ደግሞ ይጣልና እንደገና ይሰላል። ስሌቱ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው ይህን ማጣራት ይሁን።

ስሌቱን አስነስተው ወዲያው ከክፍሉ አይውጡ። ለግማሽ ሰዓት አብረውት ይቀመጡና በዚያው ኮምፒውተር ሪፖርትዎን ይጻፉ፤ ማውዙ ሳይንቀረፈፍ፣ ነፃው ራም እየቀነሰ ሳይሄድ ባለበት ከቆየ፣ የካርዱም ሙቀት ከ80 ዲግሪ በታች ከተረጋጋ፣ ስክሪኑን ብቻ አጥፍተው መሄድ ይችላሉ።